የኛ ቀይ ነው

በጌንግ ባውሻን ጓሮ ሻውያው የሚባለው ተክል አብቦ አያውቅም። ባውሻን በዚህ ይኮራ ነበር። በሌላ አገር አበባ የማያብብበት ጓሮ ያሳፍር ይሆናል፤ በቻይና፣ በቦጆው ከተማ ዙሪያ ግን ሻውያው የሚተከለው ለሥሩ ነው። ሥሩ ተቆፍሮ፣ ተቀቅሎ፣ ተልጦና ደርቆ ወደ መድኃኒት ቀማሚዎች ይሄዳል። ቁርጠት የያዘው ሰው፣ ሌሊት ባቷ እየተኮማተረ እንቅልፍ የነሳት አሮጊት ያንኑ ሥር አፍልተው ይጠጡታል። አበባው ደግሞ የሥሩ ሌባ ነው። ተክሉ ማበብ ሲያምረው ጉልበቱን ሁሉ ወደ ላይ ይልክና ሥሩ እንደ አይጥ ጭራ ቀጥኖ ይቀራል። ስለዚህ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ፣ እምቡጡ ገና የሽንብራ ፍሬ ሲያህል፣ መንደርተኛው ሁሉ ወደየጓሮው ወጥቶ ይቀነጥባል።

ባውሻን ያመለጠ እምቡጥ እንዳይኖር ጓሮውን ደጋግሞ ይዞረው ነበር። የሚቀነጥበው ግን በብዛት እሱ አልነበረም። ፈጣኗ ሚስቱ ሱዪን ናት። ላም እንደምታልብ ሴት በሁለት እጇ፣ ሳታይ፣ ስለ ሌላ ነገር እያወራች ትቀነጥባለች። የሻውያው እምቡጥ ላይ እንደ ማር የሚጣበቅ ነገር አለ፤ ማታ ወደ ቤት ስትገባ ጉንዳኖች እስከ ክርኗ ድረስ ይከተሏታል። በር ላይ ቆማ እያራገፈቻቸው፣ «ከዚህ ቤት ማር የቀመሰ ቢኖር ጉንዳን ብቻ ነው» ትላለች።

በየዓመቱ አንድ ነገር ትጠይቀው ነበር። አንዱን እንተወው፣ አንዱን ብቻ፣ ምን እንደሚመስል ልየው። ባውሻንም በየዓመቱ ለከርሞ ይላታል። በተተከለበት ዓመት ገና ልጅ ነው፣ ይደክማል። በሁለተኛው ሥሩ ሊወፍር የሚጀምርበት ጊዜ ነው። በሦስተኛው መወፈሩን ይዞታል፣ አታቋርጪው። በአራተኛው ደግሞ በመኸር ስለሚቆፈር ያለ የሌለ ጉልበቱን ወደ ታች ይስደድ። ተቆፍሮ፣ የሥሩ ራስ ተከፋፍሎ እንደገና ሲተከል ነገሩ ከሀ ይጀምራል። ሱዪን ይህን ሁሉ አሳምራ ታውቃለች፤ ከእሱም በላይ ታውቃለች። ግን ትጠይቀዋለች። ከቅንጠባ ያመለጠ የሌላ ሰው አበባ በየመንገዱ አይታለች። የእያንዳንዱ ቤት ዘር ይለያያል፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ሐምራዊ፣ አንዱ ድርብርብ ነው። የራሷን ግን ከእምቡጥ በላይ አታውቀውም። እምቡጡ ጫፉ ላይ ደም የመሰለ ቀይ አለው። «የኛ ቀይ ነው» ትል ነበር፣ ሩቅ አገር ሄዶ ፎቶግራፉን ብቻ ስለላከ ልጅ እንደምታወራ እናት።

ዘሩ ከባውሻን አያት የመጣ ነው። አያትየው ሲሞት ይህ ዘር ከግቢ እንዳይወጣ ብሎ ተናዞ ነበር፤ ሥሩ ነጭና ደንዳና፣ ሲሰበር ቀጭ የሚል፣ ቀማሚዎች ከሩቅ የሚለዩት ነው። ባውሻን ይህን ቃል እንደ ቤት ምሰሶ ይጠብቀዋል። የሱዪን የአክስት ልጅ ላይዲ፣ ባሏ ሞቶባት ወደ ገበያው ከተማ ወደ ልጇ ቤት በገባች ጊዜ፣ ለግቢዋ የሚሆን አንድ ራስ ብትሰጡኝ ብላ በሱዪን በኩል አስጠይቃ ነበር። ባውሻን ሳቀ። ለዓይን የምትተክል ሴት ዓይኗን ትብላ፣ የኛ መድኃኒት ነው አለ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ተነስቶ አያውቅም። ላይዲ በአዲስ ዓመት ለጥየቃ ስትመጣ ባውሻን ሻይ ያቀርብላትና አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል።

ሱዪን የታመመችው በብርዱ ወራት ነው። መጀመሪያ ምግብ አልወርድ አላት፤ በእንፋሎት የበሰለውን ዳቦ ቆርሳ ቆርሳ ለዶሮ ትበትናለች። ቀጥሎ ወገቧ እንኳን መቀመጥ መገላበጥም ከለከላት። ከናንጂንግ የመጣው ልጃቸው ዌይልያንግ በከተማው ሆስፒታል ያስመረመራት ጊዜ፣ ሐኪሙ አባትና ልጅን ወደ ኮሪደር ጠርቶ የነገራቸውን ነገራቸው። እዚያው ቆመው እንዳይነግሯት ተስማሙ። የጨጓራ ቁስል ነው፣ ሲሞቅ ይሻልሻል አሏት። ሱዪን እሺ አለች። የሚሰጣትን ሁሉ ጠጣች። ግን ለአዲስ ዓመት የተገዛላትን ጫማ እግሯ ሳይነካው ለምራቷ ሰጠቻት፤ ለምን ብላ ምራቷ ብትጠይቃት ይጠበኛል አለች። ባውሻን ጫማው እንደማይጠባት ያውቃል። በነዚያ ወራት መዋሸትን ለመደው። ማለዳ ተነስቶ ዛሬ ፊትሽ ጥሩ ነው ይላታል፤ ማታ ነገ ትበያለሽ ይላታል፤ ውሸቱ እንደ ኮት ኪስ እጁ ራሱ የሚገባበት ሆነ።

አልጋዋን ወደ ፊተኛው ግቢ በሚያየው መስኮት አስጠጋላት። የሮማኗን ዛፍ፣ የውኃ ጋኑንና የብረት በሩን ከዚያ ታያለች። ጓሮው ግን ከቤቱ ጀርባ ነው፤ አይታያትም።

በረዶው ቀልጦ የሻውያው ቀያይ ጉንቁሎች አፈሩን ሰንጥቀው ብቅ ባሉ ሰሞን ጠራችው።

«ዘንድሮ አራተኛ ዓመቱ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«በመኸር ትቆፍረዋለህ።»

«ዌይልያንግም ይመጣል፣ እንቆፍረዋለን።»

«እንግዲያው ሳይቆፈር አንዱን ተውልኝ» አለችው። «ልየው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ለከርሞ ማለት አቃተው። እተውልሻለሁ አላት። ወጥቶም ጓሮው ውስጥ ቆሞ ሲያስብ አንድ ነገር ትዝ አለው፦ ቢያብብስ በምን ታየዋለች? ሰው ቀና ሊያደርጋት ሲሞክር ከንፈሯን ነክሳ የምታስቀረውን ጩኸት እሱ ብቻ ነው የሚሰማው። ያኔ ዘዴ መጣለትና ደስ አለው። ከስንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ የሚሠራው ነገር አገኘ። አካፋውን አንስቶ፣ ከሁሉም የጠነከረውን ተክል መርጦ፣ ዙሪያውን በሰፊው ቆፈረና ከነአፈሩ በማዳበሪያ ጆንያ ላይ እየጎተተ ወደ ፊተኛው ግቢ አመጣው። ከመስኮቱ ሥር ጉድጓድ ማሰ።

ሱዪን በመስኮቱ ታየው ነበር። ሳቀች፤ ሳቋ እንደ ሳል ነበር።

«አንተ ሽማግሌ፣ በፀደይ?»

በዚያ አገር ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አባባል አለ፦ ሻውያውን በፀደይ ያፈለሰ፣ አበባውን ሳያይ አፈር ለበሰ። ሻውያው የሚዛወረው በመኸር ነው፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ይህን ይዘምረዋል። ባውሻንም እንኳን ማወቅ፣ ሌሎች ሲሳሳቱ የሚስቅባቸው ሰው ነበር።

«አፈሩን ሙሉ ይዤ ነው ያመጣሁት» አላት። «መነቀሉን አላወቀም።»

«እሱ ባያውቅ ወሩ ያውቃል።» ጥቂት አረፈችና፣ «ለማንኛውም ከኋላም አንድ ረድፍ ተውልኝ» አለች። «ሰው እኮ እንቁላሉን ሁሉ ከአንዲት ዶሮ አይጠብቅም።»

እሺ አላት።

የመስኮቱ ሥር ተክል መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር። ቅጠሉ ተዘረጋ፤ ከቅጠሉ መሐል ሁለት እምቡጦች ብቅ አሉ። ሱዪን በየጠዋቱ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ እነሱ ሆነ፤ ጉንዳን መጣባቸው? መጣ። እንግዲያው ማር ይዘዋል ማለት ነው። የመቃብር ጠረጋው በዓል አለፈ። በወላጆቻቸው መቃብር ላይ ለሙታን ወረቀት ያቃጠለው ባውሻን ብቻውን ነበር። ከዚያ የቅንጠባው ሰሞን መጣ።

ባውሻን ዕድሜ ልኩን እንደዚያን ቀን ብቻውን ቀንጥቦ አያውቅም። የሱዪን ድምፅ በሌለበት ጓሮ ውስጥ እምቡጡ ሲበጠስ ጠብ ጠብ የሚለው ይሰማል። እስከ መጨረሻው ረድፍ ድረስ ቀነጠበና እዚያ ሲደርስ ቆመ። ይህ የሱዪን ረድፍ ነው። ቅርጫቱን አንስቶ ሊሄድ ዞሮ ነበር። በግንቡ ላይ ጎረቤቱ ቼ አንገቱን ብቅ አደረገ። ቼ ነገር የሚወድ፣ ክፋት የሌለው ሰው ነው፤ ባውሻንን እንዳይከፋው ብሎ ስለ ሱዪን አይጠይቅም፣ በሌላ በሌላው ይቀልዳል።

«ባውሻን፣ ያንን ረድፍ ምነው? ደከመህ ወይስ ዘንድሮ አበባ ልታበላን ነው?»

«ገና ነኝ።»

«አዪ። እኔ ደግሞ ሽማግሌው ሞግዚት ሲሆን ጓሮው ሠርግ ቤት ሆነ ብዬ ነበር።»

ቀልድ ነው፤ ባውሻንም ፈገግ አለ። ግን ቼ ከሄደ በኋላ ያ ረድፍ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ሁሉ ተላጭቶ አንድ ጆሮው ሥር ጠጉር እንደቀረለት ሰው ሆኖ ታየው። የመስኮቱ ሥር ያሉት ሁለቱ አሉ አይደል፣ ደህና ናቸው አይደል፣ ጉንዳን መጥቶባቸዋል አይደል? ለእሷ እነሱ ይበቋታል። ይህን እያሰበ እጁ ሥራውን ጀምሮ ነበር። ሲያበቃ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገና ገባ።

«ተውክልኝ?» አለችው።

«አንድ ረድፍ ሙሉ።»

«ጎሽ» አለች፤ ዓይኗን ጨፈነች።

ከዚያ ሁለቱ እምቡጦች ቆሙ። አልወደቁም፤ አላደጉምም። ሽንብራ እንዳከሉ ቀሩ። ቀዩ ጫፋቸው መጀመሪያ ደበዘዘ፣ ቀጥሎ ቡናማ ሆነ፣ አንድ ቀን ማለዳ ባውሻን ነካ ሲያደርገው አንደኛው እንደ ደረቀ በርበሬ እጁ ላይ ፈረፈረ። ጉንዳኖቹ ከሄዱ ቆይተዋል። ሱዪን በመስኮቱ እያየችው ነበር።

«አኮረፈ እንዴ?» አለችው።

«ዝናብ ይፈልጋል።»

«አንተ ሰውዬ፣ ማንን ነው የምታባብለው?» አለችው ያለ ቁጣ። «ግድ የለም። የኋለኛው ረድፍ ይኖራል። ዛሬ ነፋሱ ሞቅ ያለ ነው፤ ፈንድቶ ይሆናል። ቁረጥና አምጣልኝ።»

ባውሻን መቀስ ይዞ ወደ ጓሮው ሄደ። ለምን መቀስ እንደያዘ እሱም አያውቅም። በየረድፉ ጎንበስ እያለ ቅጠል ገለጠ። ለከርሞ እያለ ሲያባርረው የኖረውን እምቡጥ አሁን እንደ ጠፋ መርፌ ይፈልገው ጀመር። እሱ ራሱ ቀንጥቦታል፤ ሥራውን ደግሞ አሳምሮ ይሠራል። አንድም አልነበረም። ተመልሶ ገና ነው፣ ነገ ይፈነዳል አላት። ነገ አለችው፤ ቃሉን እንደ ትኩስ ነገር በአፏ ያዘችው።

ወደ ቼ ቤት ሄደ። ከቼ ወደ ቀጣዩ፣ ከዚያም ወደ ቀጣዩ። በየግንቡ ሥር የተቀነጠበ እምቡጥ ክምር ጠውልጎ ጠቁሯል፤ አሳማ እየበላው ነው። መንደሩ በሙሉ ሻውያው ነው፤ ከመንገዱ ዳር ጀምሮ እስከ ቦዩ ድረስ አረንጓዴ ብቻ። አበባ ያመለጠው ሰው ቢገኝ እንኳ ጠዋት አይቶ ጠዋቱን ቀጥፎታል። ለምን እንደሚፈልግ የጠየቁት ሰዎች ነበሩ፤ ለምራቴ ነው፣ ለምናምን ነው እያለ አለፋቸው። ቼ ብቻ ገባው። ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከና፣ «የዚያን ቀን አፌ ላይ ሸረሪት ባደራበት ኖሮ» አለ። ቀጥሎም ያቺ በገበያው ከተማ ያለችው የሱዪን ዘመድ ለዓይኗ የምትተክል አይደለችም እንዴ አለው።

ባውሻን በብስክሌቱ ተነሳ። መንገዱን ሙሉ ለላይዲ ምን እንደሚል ሲያሰላ ሄደ፤ ሲደርስ ምንም ማለት አላስፈለገውም። ላይዲ ከልጇ ጨርቅ መሸጫ ጀርባ ባለችው ጠባብ ግቢ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች። ከኋላዋ፣ ከግንቡ ሥር፣ ሻውያው አብቧል። ነጭ ነበር። ታጥቦ እንደተሰጣ አንሶላ ነጭ። አበቦቹ ከብደዋቸው አንገታቸውን ደፍተዋል።

አየችውና ባቄላውን አስቀመጠች። ፊቷ ተለዋወጠ።

«የእህቴ ባል፣ ሱዪን...?»

«አለች» አለ ባውሻን ቶሎ ብሎ። «አበባ ማየት አማራት።»

ላይዲ መቀሱን ከእጁ ወስዳ የፈካውንም ሊፈካ ያለውንም ሳትመርጥ ቆረጠች። ይህን ያህል አታራቁቺው ብሎ ሊከለክላት ሞከረ፤ እሷ ግን አልሰማችውም። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ቅርጫት ውስጥ አድርጋ፣ ብስክሌቱ ላይ ራሷ አሰረችለት። ሊሄድ ፔዳሉን ሲረግጥ መሪውን ያዘችው።

«ከላይዲ ግቢ ነው በላት። ስሜን ጥራላት። ደስ ይላታል።»

ባውሻን እነግራታለሁ አለ። በልቡ ግን፣ ይቺ ሴት በዚህ ሰዓት እንኳ መመስገን ትፈልጋለች አለ።

ከቤቱ አጠገብ ያለው መታጠፊያ ላይ ከብስክሌቱ ወረደ። ከላይዲ ነው ቢላት፣ የኋለኛው ረድፍስ የት ሄደ ትለዋለች። ቀነጠብኩት ሊል ነው። ጎሽ ብላው ዓይኗን የጨፈነችበት ሰዓት ፊቱ ላይ ድቅን አለ። የታመመ ሰው በእውነት ይታከማል እንዴ? ቅርጫቱን ከብስክሌቱ ፈትቶ፣ በፊት በር ሳይሆን በጓሮ በኩል ዞሮ ገባ፤ ከጓሮ እንደመጣ ሰው።

ሱዪን ነቅታ ነበር። አበባውን ደረቷ ላይ አኖረላት። አንደኛዋን በሁለት እጇ ያዘቻት፤ ጣቶቿ ልክ እንደ ድሮው ከአበባው ሥር፣ መቀንጠቢያው ላይ ሄደው አረፉ፣ ግን አልቀነጠቡም። ሽታው ክፍሉን ሞላው። የመድኃኒቱ ሽታ ለጥቂት ጊዜ ጠፋ።

«የኛ ነው?» አለችው።

«የኛ ነው። ከኋላው ረድፍ።»

አበባዋን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረቻት። ውስጧን አየች፤ ጀርባዋን አየች።

«የኛ ቀይ ነው» አለች በቀስታ። «ዕድሜዬን ሙሉ በእጄ ቀንጥቤው የለ? ቀይ ነው።»

«ሲፈካ ይለወጥ ይሆናላ» አለ ባውሻን። እንዲሁ አፉ ያመጣለት ነው፤ እሱም አላመነበትም።

ሱዪን ፊቱን አየችው። ከወራት በፊት ይጠበኛል ባለችበት ዓይን ነው ያየችው። ከዚያ ራሷን ነቀነቀችና፣ «ያምራል» አለች። «ደክመሃል፣ ጫማህ አቧራ ብቻ ነው። ሂድ እግርህን ታጠብ።»

እንግዳ ስጦታ ይዞ ሲመጣ የሚባለው ዓይነት «ያምራል» ነበር። ባውሻን ያን ጊዜ የሰማውን ማወቅ አልፈለገም። አበቦቹን በማሰሮ ውኃ ውስጥ አድርጎ ከአልጋው አጠገብ አኖረ። እስኪረግፉ ድረስ ታያቸው ነበር፤ ግን ስለ እነሱ መልሳ አላነሳችም። ከመስኮቱ ሥር ስላለው ተክል ነበር የምትጠይቀው። ውኃ ሰጠኸው? ሰጠሁት። እሱን ነቅለህ እንዳትጥለው፣ አደራ፣ በመኸር አዛውረው።

ስንዴው ሳይታጨድ ሞተች። በር ላይ የነበረው የአዲስ ዓመት ቀይ ወረቀት ተልጦ ነጭ ተለጠፈ። ዌይልያንግ ከነሚስቱ መጣ፤ የመንደሩ ሰው ነጭ ጨርቅ ራሱ ላይ አስሮ ከስንዴው መሐል ወዳለው የቤተሰቡ መቃብር ሸኛት። ላይዲም ድምፅዋ እስኪዘጋ ድረስ አለቀሰች። ስትሰናበተው የባውሻንን እጅ ይዛ፣ «ቢያንስ አየችው» አለችው። አዎ አየችው አላት።

በመኸር አባትና ልጅ ጓሮውን ቆፈሩ። ሥሩ እንደ አያቱ ዘመን ደንዳና ነበር። ቀማሚው እያገላበጠ እንዲህ ያለ ሥር የትም አላየሁም አለ፤ ባውሻን ግን ከዚያ ቀደም ይህን ምስጋና ሲሰማ ደረቱ ውስጥ ይሞቅ የነበረው ቦታ ቀዝቅዞ ቆየ። የመስኮቱን ተክል በአደራው መሠረት፣ በትክክለኛው ወር፣ ሥሩን ሳይጎዳ አውጥቶ መቃብሯ ራስጌ ተከለው። ዌይልያንግ ሲያግዘው፣ አባዬ፣ እንዲህ ያለ ገላጣ ቦታ ላይ ብርድ አይመታውም ወይ አለው። አይመታውም፣ ሻውያው ብርድ ይወዳል፣ የማይወደው መቸኮል ነው ሲል መለሰለት።

ቀጣዩ አዲስ ዓመት የሐዘን ዓመት ስለሆነ በሩ ያለ ወረቀት ባዶውን ቀረ። በመቃብር ጠረጋው ቀን ባውሻን አረሙን ሲነቅል ተክሉ ላይ አንድ እምቡጥ አየ። አንድ ብቻ። ጫፉ ቀይ ነው። የሙያው ሕግ ግልጽ ነው፤ በተዛወረ በዓመቱ የሚመጣ እምቡጥ ይቀነጠባል፣ አለዚያ ተክሉ ይደክማል። እጁ ሄደ። ከዚያ እጁን እንደ ሌላ ሰው እጅ ያዘውና ኪሱ ውስጥ ከተተው።

በየቀኑ እየሄደ አየው። ቀዩ እየሰፋ ሄደ። የኛ ቀይ ነው ይል ነበር ለራሱ፣ ስንዴው መሐል ቆሞ፤ እሷ ያላየችውን ቀይ እኔ ላየው ነው። ደስታ አልነበረም፤ ዕዳ የሚያቀል ነገር ነበር።

አንድ ማለዳ ፈክቶ አገኘው። ነጭ ነበር።

ቀዩ የሽፋኑ ነበር። ውጪውን ያቀፉት ሁለት ሦስት ቅጠሎች ብቻ ናቸው ቀይ ጠርዝ ያላቸው፤ እነሱ ወደ ኋላ ሲታጠፉ ውስጡ ታጥቦ እንደተሰጣ አንሶላ ነጭ ነው። ባውሻን መጀመሪያ ተክሉ የተቀየረበት መሰለው። በእጁ ያፈለሰው፣ በእጁ የተከለው ነው። ጎንበስ ብሎ አሸተተው። የዚያን ቀን ክፍሉን የሞላው ሽታ ነበር።

ወደ ቤት አልተመለሰም። በቀጥታ ወደ ገበያው ከተማ ሄደ። ላይዲ በዚያው ጠባብ ግቢ ልብስ ታሰጣለች፤ ከኋላዋ የእሷ ሻውያው ሊፈነዳ የደረሱ እምቡጦች ይዟል። ጫፋቸው ቀይ። ባለፈው ዓመት የቸኮለ ዓይኑ ይህን አላየም።

«ላይዲ፣ ይህን ዘር ከየት አመጣሽው?»

የጨበጠችውን እርጥብ ልብስ ይዛ ቆመች። ቀስ ብላ ዞረች።

«አልነገርካትም እንዴ?»

«ምኑን?»

«ከላይዲ ግቢ ነው በላት አልኩህ እኮ።» ልብሱን ገመዱ ላይ ጣለችው። «እሷ እኮ ናት የሰጠችኝ። አንተ አይሆንም ባልክ በወሩ፣ በገበያ ቀን፣ በሽርጧ ሸፍና አመጣችልኝ። እንዳትነግሪው፣ የአያቱ ነገር ነው አለችኝ። አልነገርኩህም። ከዚያ ማበብ ሲጀምር መጥተሽ እዪው እላታለሁ፤ ቅንጠባው ይለፍ፣ ስንዴው ይለፍ፣ እግሬ ይሻለኝ ትለኛለች። ቀለሙን ንገሪኝ ብላ ስትለምነኝ እኔ ሞኟ እምቢ አልኳት። እግርሽ ይዞሽ ይምጣ፣ በዓይንሽ ታዪዋለሽ አልኳት።» እጇን አፏ ላይ አደረገች። «የኔን ስም ብትጠራላት ወዲያው ታውቀው ነበር። ለዚህ ነበር እኮ።»

ባውሻን በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ከየት ነው አልካት ብላ ላይዲ ጠየቀችው። ከጓሯችን አልኳት አለ። እሷስ ምን አለች? የኛ ቀይ ነው አለች። ላይዲ ሻይ አምጥታ ፊቱ አኖረች፣ እሷም አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች፤ በአዲስ ዓመት እሱ ቤት እሱ እንደሚያደርገው።

ከሰዓት በኋላ በመቃብሩ በኩል ተመለሰ። ነፋስ ተነስቶ ስንዴው ይወዛወዛል፤ አበባው ከብዶት አንገቱን ደፍቷል። ባውሻን ቀና ሊያደርገው በእንጨት ሊደግፈው አሰበና ተወው። አጠገቡ ቁጢጥ አለ። ዋሽቶ የማያውቅ ሰው እውነት ሲናገር አይቸግረውም፤ እሱ ግን ከየት እንደሚጀምር ጠፋው።

«የልጄ እናት፣» አለ በመጨረሻ፣ «የኋለኛውን ረድፍ ቀንጥቤው ነበር። ያ አበባ ከላይዲ ግቢ ነው።»

ሌላ የሚላት ነበረው። ያ የሰጠሻት ነው፣ የኛው ነበር፣ በእጅሽ ይዘሽው ነበር። ግን ይህን ለመስማት እሷ በሕይወት መኖር ነበረባት። ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈ። ጣቱ ላይ አንድ ጉንዳን ይሄዳል፤ ሳያባርረው ወደ ቤቱ ሄደ።